ፊልም ተብለው ሊጣሉ የነበሩ ካሴቶች፦ ከዓለም ገና አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ በየሰፈሩ በነበረበት ዘመን በየቤቱ የሚገኘው የቪዲዮ ካሴት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ፊልም ሆኖ የተገዛ ነው። ሌላው ባዶውን ተገዝቶ በቤተሰቡ እጅ የተሞላ ነው፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የበዓል ዋዜማ፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ሩጫ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ የተቀረጸ ሰላምታ። ፊልሙ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ከሌላ ቦታ ይገኛል። በቤት የተሞላው ካሴት ግን ሁለተኛ የለውም። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ካርቶን ተደባልቀው ሲቀመጡ ከላይ አይለዩም፤ ቤት ሲጸዳም አብረው ይጣላሉ።

ሥራዬ የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ ከብዙዎቹ ተለይቶ ሊመዘገብ የሚገባው፣ አንድ ቤተሰብ የሚፈልገውን ነገር «አያስፈልግም» ብሎ ከለየው ክምር ውስጥ ስላገኘ ነው። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆ እንድጽፈው ፈቅዷል።

ቤቱና ካርቶኑ

ቤተሰቡ የሚኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ ከመድረሱ በፊት ባለችው ዓለም ገና ነው። አባትየው ከዓመታት በፊት አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ ዴክም ካሜራም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ካሜራውን የሚዋሱት ከዘመድ ነው፤ ባዶ ካሴት ግን የሚገዙት ራሳቸው ነበሩ። እናትየው እንደነገሩኝ ካሴት ርካሽ ዕቃ አልነበረም፤ ስለዚህ በአባትየው ቤት የካሴት አንዲት ደቂቃ አትባክንም ነበር። ይህን ነገር መጀመሪያ ስሰማ እንደ ተራ ትዝታ ነበር የወሰድኩት፤ በኋላ የሥራው ቁልፍ ሆኖ ተገኘ።

ጉዳዩን ያስነሣው አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ልጅ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ አባታችን ሲናገር የሚሰማበት ካሴት አለ ወይ? አባትየው ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለሚሆኑ በምስል የሚታዩባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በቤቱ ውስጥ ድምፃቸው ያለበትን ካሴት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ካርቶኑ የተቀመጠው ከጓሮ ባለችው የጭቃ ሰርቪስ ቤት፣ መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ከላይ ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈሳል። ብዙዎቹ ካሴቶች በፌስታል ተጠቅልለው ነበር። የጠቀለላቸው ሰው አስቦ ነው ያደረገው፤ ነገር ግን ፌስታል እርጥበትን ከውስጥ ስለሚያምቅ፣ በፌስታል የነበሩት በወረቀት ሽፋናቸው ብቻ ከነበሩት ይልቅ ተጎድተው ተገኙ። የዚያ አካባቢ ክረምት ደግሞ ለሻጋታ የተመቸ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የጭቃ ግድግዳ አይደርቅም።

በካርቶኑ 38 ካሴት ነበር። 5ቱ ከነላስቲካቸው ያልተከፈቱ ባዶዎች፣ 9ኙ ፋብሪካ የታተሙ ፊልሞች፣ 24ቱ በቤት የተሞሉ ናቸው። ከ24ቱ መካከል በ7ቱ ጀርባ አባትየው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ፊልም» ብለው ጽፈዋል። ቤተሰቡ እነዚህን 7 ካሴቶች ከታተሙት ፊልሞች ጋር አድርጎ ወደ ጎን ትቷቸው ነበር።

ችግሩ ከየት ወደ የት

ቤተሰቡ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሙከራ ተደርጓል። የመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ያለበት ካሴት ከተማ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ተወስዶ፣ ሳይመረመር በቀጥታ ዴክ ውስጥ ገብቷል። ካሴቱ ሻጋታ ነበረበት። ክሩ ከሄዱ (ምስሉን ከክሩ ላይ ከሚያነበው የዴኩ ክፍል) ጋር ተጣብቆ ተጎተተ፣ ተጨማደደ፣ ተበጠሰ፣ ካሴቱም ክሩ በበሩ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ተመለሰ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት ያስፈልጋል። የቪኤችኤስ (በየቤቱ የነበረው የቪዲዮ ካሴት ዓይነት) ክር 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ጥብጣብ ነው፤ በአንድ ገጹ ምስሉን የሚይዝ የማግኔት ቅንጣት በማጣበቂያ ተቀብቷል። ዴኩ ክሩን ከቀፎው፣ ማለትም ከካሴቱ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ስቦ አውጥቶ፣ ሄዶቹ በተሰኩበት ሲሊንደር ዙሪያ ይጠመጥመዋል። ሲሊንደሩ በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ማለትም በፓል፣ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል። ክሩ ራሱ ግን በሰከንድ ከ2.4 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው የሚጓዘው። በዚህ ፍጥነት በሚዞር ነገር ላይ የሻጋታ ዱቄት ሲገባ ሄዱን ይደፍናል። የረጠበ ክር ደግሞ ይጣበቃል። ከዚያም አልፎ ሻጋታው በዴኩ በኩል ወደሚቀጥለው ንጹሕ ካሴት ይተላለፋል። ስለዚህ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንየው» ብሎ ካሴት ማስገባት፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋው እርምጃ ነው።

ሳይጫወት መለየት

መጀመሪያ የተደረገው ማንኛውንም ካሴት ሳያጫውቱ ሁሉንም በጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማየት ነበር። ከላይ ብቻ የሚነበበው ነገር ብዙ ነው።

በካሴቱ ጀርባ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች፣ አንድ ሰው በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ፈልጓል ማለት ነው። ቀዳዳው በፕላስተር ከተሸፈነ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ እንደገና ቀድቶበታል። ይህች ጥግ ከጽሑፉ ይልቅ የታመነች ምስክር ናት። «ፊልም» ከተባሉት 7 ካሴቶች በ3ቱ ላይ ፕላስቲኳ ተሰብራ ነበር። ሰው ከቴሌቪዥን ለቀዳው ተራ ፊልም እንዲህ አይጠነቀቅም ብዬ እነዚያን 3 ካሴቶች ወደ ዋናው ክምር መለስኩ።

ሁለተኛው ፊደልና ቁጥሩ ነው። ኢ-180 የሚል ካሴት በፓል 3 ሰዓት ይይዛል፤ በግማሽ ፍጥነት ከተቀዳበት 6 ሰዓት። ኢ-240 4 ሰዓት የሚይዘው ክሩ ቀጭን ሆኖ ስለተጠቀለለ ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይጎዳል፣ አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመካከላቸው አንድ ቲ-120 ነበር። «ቲ» ለአሜሪካና ለጃፓን ገበያ የሚታተም ምልክት ነው። ቤተሰቡ ይህን ካሴት «የተበላሸ» ብሎ ጽፎበታል፤ በቤታቸው ዴክ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እየተንከባለለ ስለታየ ነው። ካሴቱ ግን ምንም አልሆነም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የሰርግ ቅጂ በመሆኑ የተቀዳው በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ ነው፤ የቤቱ ዴክ የሚያውቀው ፓልን ብቻ ነበር።

በመጨረሻ በካሴቱ መስኮት በኩል በባትሪ ማየት ነው። ጤነኛ ጥቅል ጠርዙ እንደ ጥቁር መስታወት ልሙጥ ሆኖ ያበራል። በ11ዱ ላይ ነጭ ብናኝ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየ። እነዚያ ለብቻቸው ሌላ ክፍል ተቀመጡ።

ማድረቅ፣ ማራገፍ፣ ቀፎ መቀየር

ካሴቶቹ የመጡት ነሐሴ ውስጥ ነበር። ቤተሰቡ ቢቸኩልም የሻገቱትን እስከ ጥቅምት ለማቆየት ተስማማን። የአዲስ አበባ በጋ አየር ደረቅ ነው፤ ሻጋታ ሲደርቅ ይተኛል፣ ከክሩም በቀላሉ ይራገፋል። እርጥብ ሻጋታ ግን ሲጠረግ ይቀባል። ካሴቶቹ ከሽፋናቸው ወጥተው፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ ፀሐይ ሳያገኛቸው፣ በጠርዛቸው ቆመው ተቀመጡ። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚመስለውን ያህል ቀና ሐሳብ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ክሩም ባልተስተካከለ ሁኔታ ይለጠጣል።

ከደረቁ በኋላ እያንዳንዱ ተፈታ። የቪኤችኤስ ቀፎ በ5 ብሎኖች የታሰረ ነው፤ አንድ ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። የላይኛው ክዳን ሲነሣ የምንጮቹን፣ የማዞሪያዎቹንና የክሩን አካሄድ ፎቶ ማንሣት ግድ ነው፤ አንዲት ትንሽ ዘንግ ከቦታዋ ከወጣች ክሩ በተሳሳተ መንገድ ይሄዳል። የጥቅሎቹ ጠርዝ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ተራገፈ። ቀጥሎም ክሩ ብናኝ በማይተው ጨርቅ መካከል እያለፈ በእጅ ቀስ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ተጠነጠነ። ቀርፋፋና አሰልቺ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ግን የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ያልተከፈቱት 5 ባዶ ካሴቶች ጥቅም የሰጡት እዚህ ላይ ነው። እናትየው «ምንም የለባቸውም፤ ለልጆች መጫወቻ ይሁኑ» ብለው ነበር። ቀፎአቸው ንጹሕ፣ ምንጫቸው ያልላላ፣ በራቸው ያልተሰበረ ነው። በጣም የሻገቱት ጥቅሎች ከአሮጌ ቀፎአቸው ወጥተው ወደ እነዚህ ገቡ። የቲዲኬም ሆነ የማክሴል፣ የቪኤችኤስ ቀፎ መለኪያው አንድ ስለሆነ ጥቅሉ በትክክል ይገባል። ጽሑፉ ያለበት አሮጌ ቀፎም አልተጣለም፤ የአባትየው የእጅ ጽሑፍ አለበት።

የተጨማደደው የክርስትና ካሴት የተለየ ሕክምና ፈለገ። ክሩ የተበጠሰበት ቦታ በትክክለኛ የክር መቀጠያ ፕላስተር ተያያዘ። ተራ ፕላስተር ሙጫው በጊዜ ሂደት ይወጣል፣ ሄዱንም ያበላሻል። ምስሉ በተጨማደደው ክፍል ላይ ወደ ነጭ ጭረት ተቀይሯል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ግን ዳነ። ካህኑ ሕፃኗን ሲያጠምቁ የነበረው ሥፍራ ከጠፋው ውስጥ ነው። ይህን ለእናትየው መንገር ከባድ ነበር።

ዴክና ኮምፒውተር

ቪኤችኤስ በጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዴክ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው ፉናይ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ዴክ ሁሉ ያገለገለ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሁንም ይገኛል፤ ሲገዛ ግን መብራት በርቶለት ካሴት መጉረሱን ብቻ ማየት አይበቃም። ክሩን የሚጎትተው የጎማ ማዞሪያ ከደረቀና ካብለጨለጨ ካሴት ይበላል። ለዚህ ሥራ ፓልንም ኤንቲኤስሲንም የሚያነብ፣ በግማሽ ፍጥነት የተቀዳውንም የሚያጫውት ዴክ ተመረጠ። የአሜሪካው የሰርግ ካሴት በመጀመሪያው ሙከራ በሙሉ ቀለሙ ወጣ። ቤተሰቡ ያንን ሰርግ በቀለም ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ከዴኩ ወደ ኮምፒውተር ማስገባቱ በቀላሉ አልሄደም። መጀመሪያ የተሞከረው ርካሽ የዩኤስቢ መገልበጫ ነበር። የአሮጌ ክር ምልክት ይንቀጠቀጣል፤ መገልበጫው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስል ይዘላል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፍና ድምፅ ተለያዩ። ችግሩን የፈታው በዴኩና በመገልበጫው መካከል አንድ አሮጌ የዲቪዲ መቅጃ ማስገባት ነው፤ ዲስክ ሳይቀዳበት ምልክቱ በውስጡ ሲያልፍ የአንዳንዶቹ መቅጃዎች የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ያረጋጋዋል። ምስሉ በ720 በ576 ነጥብ፣ በዲቪ ቅርጸት ተያዘ፤ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ስልክ ላይ ለማየት የተጨመቁ ቅጂዎች የተሠሩት ከዚህ ዋና ፋይል ነው።

መብራት በጠፋ ጊዜ ክሩ በሲሊንደሩ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ካሴቱን ጎትቶ ማውጣት ክሩን መበጠስ ነው፤ መብራት እስኪመለስ መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው። ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆይ መሣሪያ) ጋር መሥራት ይህን ጭንቀት ያስቀራል።

ከፊልሙ ጀርባ

አሁን ወደ 3ቱ ካሴቶች እንመለስ። የመጀመሪያው ሲጫወት በእርግጥም ፊልም ነበር፤ ከቴሌቪዥን የተቀዳ። እናትየው አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ፣ ይህ ፊልም ነው ብዬህ ነበር፤ መብራትህን አታባክን» አሉኝ። «እማማ፣ እስከ ዳር ድረስ ይሂድ፤ አባባ ደቂቃ አያባክኑም ነበር ብለውኛል» አልኳቸው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ብዙ ሰው ካሴት አቁሞ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ግን የካሴቱ መጨረሻ አይደለም፤ ዴኩ የሚነበብ ምልክት ሲያጣ የሚዘረጋው መሸፈኛ ነው። በአንዳንድ ዴኮች ከሜኑ ሊጠፋ ይችላል። አጥፍተነው ምልክት የሌለውን ባዶ ስክሪን እያየን ቆየን። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ጓሮው መጣ፤ እንሰቱ፣ የውሃ በርሜሉ፣ ታናሹ ልጅ በጉልበቱ ሲሄድ። ከካሜራው ጀርባ የአባትየው ድምፅ ልጁን በስሙ ይጠራል፣ ይስቃል፣ እናትየው ቡናውን እንዲያወርዱ ይነግራል። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ያለው ሰው ቀራጩ ስለሆነ ድምፃቸው ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ታናሹ ልጅ የጠየቀው ይኸው ነበር። በቀሩት 2 ካሴቶች ጭራ ላይም ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ 4ቱንም «ፊልሞች» እስከ ዳር አጫወትናቸው፤ በአንደኛው ላይ የጎረቤት ሠርግ ነበር።

የተቃራኒው ነገርም አጋጥሟል። «ገና» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ሲጫወት የወጣው የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው፤ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት። አባትየው በዚያ ቀን ባዶ ካሴት አጥተው መሆን አለበት፣ ጥጓን በፕላስተር ሸፍነው ቀድተውበታል። የገናው ዝግጅት ከሩጫው በኋላ ያለው ጭራ ብቻ ቀረ። ዴክ ሲቀዳ ከፊት ያለው ማጥፊያ ሄድ የክሩን ሙሉ ስፋት ስለሚያጠፋ፣ በላዩ የተቀዳበትን መመለስ አይቻልም። እናትየው ስለዚህ አላዘኑም፤ ያን ሩጫ ከማን ጋር እንዳዩት አንድ በአንድ ነገሩኝ።

ዘመኑን ማወቅ

አንድ ካሴት ላይ «ግንቦት 86» ይላል፤ ምስሉ ጥግ ላይ ደግሞ ካሜራው 94 ብሎ አትሟል። ልጆቹ የሁለት ጊዜ ቀረጻ መስሏቸው ነበር። አባትየው የጻፉት በእኛ አቆጣጠር፣ ካሜራው ያተመው በአውሮፓው ነው፤ ቀኑ አንድ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ 6 ሰዓት ይለያያል። ፋይሎቹ ሲሰየሙ ሁለቱም ዘመን አብሮ ተጻፈ።

ቀን ለሌላቸው ደግሞ የሽግግሩ ቦታ ይረዳል። ቀረጻው መጀመሪያው ተቆርጦ ከመሃል የሚጀምር ከሆነ ከፊቱ ካለው ይልቅ የቆየ ነው፣ ተቀድቶበታልና። መጀመሪያው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ግን ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ካለው በኋላ የተቀረጸ ነው።

ለሌላ ቤት የሚሠራው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ቤት የሚወሰደው ዋናው ነገር የመለየት ቅደም ተከተል ነው። በጽሑፉ ላይ ተመሥርቶ ካሴት መጣል አይገባም፤ መጀመሪያ የጥጓ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥሩ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ይታይ። በቤት የተሞላ ካሴት ሁሉ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣም እስከ ዳር ይጫወት። ሦስት ሰዓት የሚይዝ ካሴት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ አቋራጭ የለውም፣ አቋራጭ አለኝ ለሚል ባለሙያም አንድያ ካሴት መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ማቆየት የማይቻል ከሆነና ሁሉንም ማስገልበጥ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ የታተሙት ፊልሞች ይቅሩ፤ የሻገቱት ግን ይቅደሙ፣ በየክረምቱ እየባሰባቸው ይሄዳልና። ያልተከፈቱ ባዶ ካሴቶችም ይቀመጡ፤ ቀፎ ለመቀየር ከእነሱ የተሻለ የለም።

በካሴት ላይ የሌላ ሰው ቤት ጉዳይም ይገኛል። እዚህ ቤት በአንዱ ላይ የጎረቤት ልቅሶ ተቀርጾ ነበር። ያ ፋይል ለልጆቹ አልተላከም፤ ቤተሰቡ ወስዶ ለባለቤቶቹ ብቻ ሰጠ፤ ቅጂ ይኑር አይኑር የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ፋይሎቹ በ2 ሀርድ ዲስክ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዓለም ገና፣ ሌላው በከተማ ከሚኖረው የልጃቸው ቤት። ወደ አሜሪካ የተላኩት በቴሌግራም ነው፤ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ አለበለዚያ እንደገና ይጨመቃሉና። ከ24ቱ 22ቱ እስከ ዳር ተገልብጠዋል፣ የክርስትናው በከፊል። የቀረው አንዱ ጥቅሉ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ ክሩ ሲሳብ ቅቡ ከፖሊስተሩ መላቀቅ ጀምሮ ነበርና በዚያው ቆመ። በላዩ የተጻፈው ደብዝዟል። ካሴቱ አሁን ከሌሎቹ ጋር ከሰርቪስ ቤቱ ወጥቶ በዋናው ቤት ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ፣ ያለ ፌስታል፣ በጠርዙ ቆሞ ተቀምጧል።